ግጥም የሌለው ዘፈን

የአክስቴ ልጅ የሙዚቃ ተማሪ ነው። አዲስ አበባ፣ ተማሪዎች አዳዲስ ድርሰታቸውን በሚያቀርቡበት ኮንሰርት ላይ የእሱም ሊሰማ ነው። ታዲያላችሁ መሸንቲ ያሉት አባቱ «ግጥም የሌለው ምን ዘፈን ነው? አልሄድም!» ብለው እርፍ። ልጁ ክፉኛ አዘነ። አስታራቂዋ እኔ ሆንኩ።

«ጋሼ፣ እረኛ ሳሉ ዋሽንትዎ ግጥም ነበረው?» አልኳቸው። የያሬድ ሙዚቃ ት/ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ «እረኛው ባለዋሽንት» የሚባል የኦርኬስትራ ድርሰት እንደጻፉም ነገርኳቸው። (እኛ ከተሜዎቹስ ብንሆን አዲስ ነገር ሲመጣ «የምናውቀውን ተጫወትልን!» ባዮች አይደለን?)

ጋሼ በቀላሉ አይረቱም። «እረኛ የሚነፋው ለከብቶቹ ነው፤ ይሄ ለማን ነው?»

«ለእርስዎ።»

ዝም አሉ። ትናንት ጋቢያቸውን ማሳጠባቸውን ሰምቻለሁ።