ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቱሉ ዲምቱ

አቃቂ ቃሊቲን የሚያውቁ አንባቢያችን ቱሉ ዲምቱን አያጧትም። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚጀምርባት፣ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በረድፍ የቆሙባት፣ ማለዳ ወደ ሥራ የሚሄደው ሕዝብ ሰልፍ የሚረዝምባት የከተማችን ደቡባዊ ዳርቻ ናት። ስሟ ኦሮምኛ ሲሆን ትርጉሙ «ቀይ ጉብታ» ማለት ነው። በዚሁ ስም የሚጠራ ሌላ ቦታ በአገራችን መኖሩን ግን ብዙዎቻችን ልብ አላልን ይሆናል። በባሌ ተራሮች ከሁሉ በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ስሙ ቱሉ ዲምቱ ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ ከአንደኛይቱ ቱሉ ዲምቱ ተነሥተን ወደ ሁለተኛው እንጓዛለን። ሁለቱን ቦታዎች ከስም ሌላ የሚያስተሳስራቸው አንድ ነገር አለና፤ እርሱም እሳት ነው።

ጉዞውን ከመጀመርዎ በፊት ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ በአቃቂ ዙሪያ ያለውን ሜዳ ይመልከቱ። ጤፉ ታጭዶና ተወቅቶ ጭዱ ተከምሯል። በክረምት ውሃ ይተኛበት የነበረው ጥቁር አፈር ተሰነጣጥቋል። በአቃቂ ወንዝ ግራና ቀኝ፣ ወደ አባ ሳሙኤል በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በሕንፃዎቹም መካከል ባለው ባዶ ቦታ የበቀለው ሣር ደርቆ ገለባ ሆኗል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል። እንግዲህ በዚህ ወቅት አንድ ሰው ቆሻሻ ለኩሶ ቢሄድ፣ ወይም የሲጋራ ቁራጭ ሳያጠፋ ቢወረውር፣ ሣሩ ይያያዛል፤ ከሣሩ ወደ ጭዱ፣ ከጭዱ ወደ ባሕር ዛፉ፣ ከዚያም ወደ አጥርና ወደ ቤት ይሻገራል። ሰደድ እሳት ሲባል የሩቅ አገር ወሬ ይመስለናል እንጂ በበጋ መንገዱ ከደጃችን ይጀምራል።

ወደ ባሌ የሚሄደው ተጓዥ ከቃሊቲ መናኸሪያ ይሳፈራል። መኪናው አቃቂን፣ ዱከምን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን ካለፈ በኋላ ወይ በአዳማና በአሰላ፣ ወይም በባቱና በሻሸመኔ በኩል ይጓዛል፤ ሁለቱ መንገዶች ዶዶላ አካባቢ ይገናኛሉ። ከዚያ አዳባ፣ ዲንሾ፣ ሮቤና ጎባ ይከተላሉ። በጠቅላላው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በሻሸመኔ በኩል የሄዱ እንደሆነ በስምጥ ሸለቆው ሜዳ መንገድ ዳር የሚቆመውን የከሰል ማዳበሪያ ልብ ይበሉ። ያ ከሰል ግራር ነበር። በባህላዊው ዘዴ፣ ማለትም እንጨቱ ተከምሮ በሣርና በአፈር ተሸፍኖ ሲከስል፣ 1 ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይፈጃል። ማዳበሪያው ወዴት እንደሚጫን ለአቃቂ እናት መንገር አያሻም፤ ከሠፈሯ ጉልት ታገኘዋለች።

ከጎባ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። የሳነቴ አምባ ጅብራ የቆመበት፣ ቀይ ቀበሮ አይጥ የሚያድንበት፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር ሰፊ ሜዳ ነው። የሠፈራችን ሞክሼ ቱሉ ዲምቱ ቀና ብሎ የሚታየው ከዚህ ላይ ነው። አምባውን ተሻግረው ቁልቁል ሲወርዱ በመጀመሪያ አስታው፣ ቀጥሎ ኮሶው፣ ቀጥሎም ቀርከሃው ይቀበልዎታል። ሪራ የምትባለውን መንደር አልፈው ሲወርዱ የሐረና ደን ውስጥ ነዎት። ሐረና በአገራችን ከቀሩት ሰፋፊ የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ሲሆን፣ በጥላው ሥር ቡና ሰው ሳይተክለው ይበቅላል። ይህን ሁሉ የያዘው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

በዚህ ደን ውስጥና ዙሪያ ሰው ይኖራል፤ ከብት ያረባል፣ ቀፎ ይሰቅላል፣ ቡና ይለቅማል። ለአቃቂ ሠራተኛ እናት የወር ደመወዝ ማለት ምን እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል። ለሐረና እናት ደኑ እንደዚያው ነው። የልጅ ደብተር፣ ጨውና ሳሙና የሚገዛው ከማሩና ከቡናው ነው። ደኑ የተቃጠለ እንደሆነ የሚቃጠለው የቤት በጀት ነው።

ይሁን እንጂ እሳት በእነዚህ ሰዎች እጅ የቆየ የሥራ መሣሪያም ነው። ከብት አርቢው ያረጀውን አስታ በበጋ ያቃጥላል፤ ከብቶቹ ለጋ ቡቃያ እንዲያገኙ፣ አውሬም መሸሸጊያ እንዲያጣ ብሎ ነው። ማር ቆራጩ ንቡን በጭስ ያባርራል። ገበሬውም የመነጠረውን ያነዳል። አስታ ላዩ ቢቃጠል ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከበታቹ ያለው እርጥብ ደን ደግሞ በደህናው ዘመን እሳቱን ከጠርዙ ላይ ያቆመዋል። መከራው የሚመጣው ዝናብ በቀረበት ዓመት ነው። ያን ጊዜ እሳቱን ያቆም የነበረው ደን ራሱ ማገዶ ይሆናል።

1992 ዓ.ም እንዲህ ያለ ዓመት ነበር። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ድርቅ ገብቶ ነበር። በበጋው በባሌና በቦረና የተነሣው ሰደድ እሳት የካቲትንና መጋቢትን ሲነድ ቆይቶ በመጨረሻ የረታው የበልግ ዝናብ ነው። እሳቱ የነካው መሬት ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ እንደሆነ ተገምቷል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች፣ ወታደሮችና ተማሪዎች ተሰልፈው ታግለዋል። ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካ ሳይቀር ባለሙያዎች መጥተው ረድተዋል። ከዛፉ ጋር የዱር ቡና፣ የንብ ቀፎና ከብት ወድሟል። ቡና ከተተከለ ጀምሮ ደህና ፍሬ እስኪሰጥ 3 እና 4 ዓመት ይፈልጋል። የአንድ ወር እሳት የስንት ዓመት ገቢ ይዞ እንደሚሄድ ከዚህ ያስሉት።

ለመሆኑ በእንዲህ ያለው ወቅት መንደር እንዴት ይውላል? እንዴትስ ያድራል? በቀን ነፋሱ እሳቱን ይነዳዋል፤ ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝና ጤዛ ሲወርድ ጥቂት ይረጋል። ስለዚህ ከባዱ ሥራ የሚሠራው ሌሊትና ጎሕ ሲቀድ ነው። መጥረቢያና አካፋ የያዘው ከእሳቱ ፊት ሣርና ቁጥቋጦውን ጠርጎ ባዶ መስመር ያወጣል። ሌላው እርጥብ ቅርንጫፍ ይዞ የእሳቱን ጠርዝ ይደበድባል። ቦቴ በማይወጣበት ዳገት ላይ አፈርና ቅጠል የውሃን ቦታ ይይዛሉ። የቤቱ እመቤት ሥራ ደግሞ ማለቂያ የለውም። ለተሰለፈው ሕዝብ ውሃና ስንቅ ተሸክማ ትወጣለች፤ በድርቅ ዘመን ምንጩም ይርቃል። ሕፃናትንና አረጋውያንን ሣር ወደሌለበት የታረሰ ማሳ ወይም ወደ ወንዝ ዳር ታሸሻለች። ላሟንና ጥጃዋን ትፈታለች። በጭሱ የተነሣ ልጁ ሲያስል ታድራለች። እጅ ያነሰ እንደሆነም ቅርንጫፉን ራሷ ትይዛለች።

ከሁሉ የሚከፋው ጠፋ የተባለው እሳት ነው። ይህን ለማስረዳት ለእናቶች ረጅም ትምህርት አያስፈልግም። እናቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ ቀብረው ያድሩና ጠዋት ረመጡን ገልጠው እፍ ሲሉበት እሳት ይነሣል። በእርጥብ ደን ውስጥ የሚነሣ እሳትም እንዲሁ ነው። መሬቱ ለብዙ ዘመን በወደቀ ቅጠልና በበሰበሰ ሥር የተሸፈነ ስለሆነ፣ ነበልባሉ ከላይ ሲጠፋ ፍሙ ከታች ተቀብሮ እየበላ ይሄዳል። ከቀናት በኋላ ሥሩ ተበልቶ ያለቀ ትልቅ ዛፍ ድንገት ይገነደሳል፤ ወይም ነፋስ ሲመጣ ከረመጡ አዲስ እሳት ይነሣል።

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2011 ዓ.ም የታየውም ይኸው ነው። በመጋቢት ወር መጨረሻ ገደማ የተነሣው እሳት በቁጥጥር ሥር ዋለ ከተባለ በኋላ በሚያዝያ እንደገና ተቀሰቀሰ። ዋልያ የሚሰማራበትን የጓሳ ሣርና አስታ በላ። የአካባቢው ሕዝብ ገደል ለገደል እየወጣ በቅርንጫፍና በአፈር ታገለ። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ደግሞ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። እዚያም ቢሆን ዝናብ ረድቷል። ሄሊኮፕተር ከጎረቤት አገር እስኪመጣ፣ ዝናብም ከሰማይ እስኪወርድ ድረስ ያለውን ጊዜ የሚሸከመው መንደርተኛው ነው።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ይህን አባባል በየዕለቱ ለሌላ ለሌላ ጉዳይ እንጠቀምበታለን። እሳቱ ባለበት አገር ግን ምሳሌ መሆኑ ቀርቶ እንደ ቃሉ የሚሠራበት ትእዛዝ ነው። እሳቱ ክንድ ያህል በሆነበት ሰዓት አንዲት ሴት በአንድ ቅርንጫፍ ታጠፋዋለች። ዛፍ ላይ ከወጣ በኋላ ሺህ ሰውም አይበቃውም። ስለዚህ ጥያቄው በዚያች የመጀመሪያ ሰዓት አጠገቡ ያለው ማን ነው? የሚል ነው። በመንገዳችን ያለፍንባቸው ዶዶላና አዳባ አንድ መልስ አላቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ገደማ በእነዚህ ወረዳዎች ዋጂብ የሚባሉ የደን ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ። በውል የተወሰነ ደን ተረክበው ይጠብቃሉ፤ ከደኑም በሕግ ይጠቀማሉ። የእኔ ነው የሚለው ነገር ሲጤስ ያየ ሰው የመንግሥት መኪና እስኪመጣ አይጠብቅም።

አሁን ወደ ሠፈራችን ቱሉ ዲምቱ እንመለስ። እርስዎስ በበጋ ምን ያደርጋሉ? አመድ ከመድፋትዎ በፊት ውሃ ያርከፍክፉበት፤ ፍም በአመድ ውስጥ ብዙ ሰዓት እንደሚቆይ ያውቃሉና። በነፋስ ሰዓት ቆሻሻ አያቃጥሉ፤ ሲቃጠል ካዩም ዝም ብለው አይለፉ። ጥር ሳይገባ ከአጥርዎና ከሕንፃዎ ዙሪያ ያለውን ደረቅ ሣር ከጎረቤት ጋር ሆነው ያጭዱ፤ አንድ የእሑድ ጠዋት ይበቃል። ክብሪት ከልጆች እጅ ያርቁ። በእድራችሁና በሕንፃችሁ ኮሚቴ ስብሰባ ላይም ይህን ነገር ያንሡት። በመዲናችን የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው፤ ለልጆች ጭምር ያስጠኑት፤ የሠፈራቸውን ምልክትም እንዴት እንደሚናገሩ ያሳዩአቸው።

ከሰሉንም አይርሱት። ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃ ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ይልቅ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ደግሞ በሦስት ጉልቻ ከሚፈጀው እንጨት ግማሽ ያህሉን ያስቀራል። ቁጠባው በመጀመሪያ የሚታየው በእርስዎ ቦርሳ ውስጥ ነው። ቀጥሎ በስምጥ ሸለቆው መንገድ ዳር ያልተቆረጠ ግራር ሆኖ ይቆማል።

ምናልባት አንድ ቀን በቃሊቲ መናኸሪያ ተሳፍረው ሞክሼያችንን ቱሉ ዲምቱን ለማየት ይሄዱ ይሆናል። የሄዱ እንደሆነ በበጋ ከሐረና ወገን ጭስ ሲነሣ ያያሉ። የማር ቆራጭ ጭስ ሊሆን ይችላል፤ ሌላም ሊሆን ይችላል። የሪራ እናቶች ጭስ ባዩ ቁጥር ቆም ብለው ያጣራሉ። እኛም በአቃቂ ሜዳ ላይ ጭስ ስናይ እንዲሁ እናድርግ።