ጭድና ጭቃ

አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ የማወራዎ ስለ ጀልባ ነው። እኔ በዋሽንግተን ከተማ ታክሲ ነጂ ነኝ፤ አገር ቤት ሳለሁ ግን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። ሦስት ባልንጀሮች በእቁብ ያጠራቀምነውን ገንዘብ ይዘን፣ ሐዋሳ ላይ ለዓሣ አስጋሪዎች ጀልባ የሚሠራ አነስተኛ ወርክሾፕ ለመክፈት ተነሥተናል። የብዙ ዓመት የሌሊት ሥራ ገንዘብ ነው። ችግሩ የመጣው «ከምን እንሥራው?» ሲባል ነው። አንዱ ወዳጃችን «የአየር መንገዳችን ድሪምላይነር የካርቦን ነው፤ እኛስ ከማን እናንሳለን?» ብሎ ሙጭጭ አለ።

ስለ አውሮፕላኑ አልተሳሳተም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 መረከብ የጀመረው ቦይንግ 787 ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ እንዲህ ካለ ነገር የተሠራ ነው። ነገሩም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቤት ሲመረግ ጭቃው ውስጥ ጭድ የሚጨመረው ለምን ይመስልዎታል? ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ጭዱ ነው የሚይዘው። በፋብሪካ ጭዱ የመስታወት ወይም የካርቦን ክር፣ ጭቃው ደግሞ ሬዚን የሚባለው ሙጫ ነው።

ካርቦን ቀላልና ግትር ነው። አውሮፕላን ከላዩ የተቀነሰለትን እያንዳንዱን ኪሎ በየበረራው በነዳጅ ይመልሳል፤ ስለዚህ ውድ ክር መግዛት፣ አውቶክሌቭ በሚባል ግዙፍ ምድጃ በሙቀትና በግፊት ማብሰልም ያዋጣዋል። ዓሣ አስጋሪው ግን ምን ያተርፋል? ጀልባው ድንጋይ ይገጫል፣ ደረቅ ላይ ይጎተታል። የካርቦን ክር 2 በመቶ ገደማ ሲለጠጥ ይበጠሳል፤ የመስታወቱ ከ4 በመቶ በላይ ይችላል። ቢቀደድም እዚያው ሐይቁ ዳር ጨርቅና ሙጫ ይዞ መጣፍ ይቻላል።

የአሠራሩን ነገር የሚወስነው ብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣችው ኮርቬት መኪና በዚያ ዓመት 300 ብቻ ተሠራች (ሁሉም ነጭ ነበሩ!)፤ አካሏም ፋይበርግላስ ነበር። ብረት የሚያትመው መሣሪያ ብዙ ሺህ ካልተመረተበት ወጪውን አይመልስምና። እኛ በዓመት ጥቂት ደርዘን ጀልባ ብንሠራ ነው። እንግዲያው በብሩሽና በሮለር በእጅ መለበድ ይበቃናል።

ገንዘቡ መዋል ያለበት ሞልድ በሚሉት ቅርጽ ማውጫ ላይ ነው፤ እርሱ ላይ ያለ ጉድፍ በየጀልባው ላይ ይታተማልና። ቀጥሎ ለሠራተኛው ጭምብልና የአየር ማስወጫ፤ ከፖሊስተር ሬዚን የሚወጣው የስታይሪን ጢስ ሳንባና ጭንቅላት ይጎዳል። ይህን ለመቆጠብ የሚያስብ አሠሪ ባይከፍት ይሻላል። ሙጫም ሲበዛ የሚጠነክር የሚመስላቸው አሉ፤ ጭድ ያነሰው ጭቃ እንደሚሆን ነው የሚሆነው፣ ይከብዳል፣ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው ባልንጀራዬ ተስማምቷል። የድሪምላይነሩ ወዳጃችን ግን እስካሁን እንዳኮረፈ ነው፤ ቢያንስ መቅዘፊያው የካርቦን ይሁንልኝ ይላል።