ለእግዚአብሔር የሰጠነው ማንን ነው?

አሊ አዴም፣ ሆልሆልም፣ ባልባላም ያላችሁ፤ አገር ቤት ሆናችሁ ኔትወርክ በመጣ ቁጥር የምታነቡኝ ዘመዶቼም። ዛሬ ስለ ወረቀት እድሳትና ስለ ራሽን አልጽፍም። ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ያነሳችሁልኝ ጉዳይ አለ፤ ራስን ለእግዚአብሔር ስለ መስጠት። ረዘም ይላል። መብራት ካለ ቬንቲላተር ሥር ሆናችሁ አንብቡት።

እዚህ ካርቲየ 2 «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» የሚለውን ቃል ሳልሰማ የምውልበት ቀን የለም። አንዲት እህታችን ሦስት ወር ሰው ቤት ሠርታ ደመወዟን ተከለከለች፤ «ለእግዚአብሔር ሰጥቻታለሁ» አለች። አንዱን ልጅ ደላላ ገንዘቡን በልቶ ስልኩን ዘጋበት፤ «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» አለ። ሲሰሙት ጸሎት ነው። በአማርኛችን ግን ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ እኔ አልቻልኩትም፣ አንተ ፍረድልኝ ማለት ነው። አቤት የሚልበት ያጣ ሰው የመጨረሻ ይግባኙ ነውና አልነቅፈውም።

ሌላው የምንሰጠው ነገር ኬዛችንን ነው። በጥር 2017 አሜሪካ ስደተኛ መቀበሏን ስታቆም ይህ ሰፈር የሐዘን ቤት መስሎ ነበር። ኢንተርቪው የጨረሰ፣ የጤና ምርመራ ያደረገ፣ ዕቃውን ለጎረቤት አከፋፍሎ የጨረሰ ሰው ነበር። ያኔ ሁላችንም «እንግዲህ ለእግዚአብሔር ሰጥተነዋል» አልን። ከዚያስ? ከዚያማ ጠዋት ስንነሳ ስልክ፣ ማታ ስንተኛ ስልክ፣ እገሌ ተደወለለት ሲባል እንቅልፍ ማጣት። ፋይሉን ሰጠነው አልን እንጂ እጃችንን ከፋይሉ ላይ አላነሳንም።

አክስቴ ከደሴ በድምፅ መልእክት የላከችልኝ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው የወጋኝ። «አንተ ልጅ፣ ይህንንም ለእግዚአብሔር ሰጠሁ፣ ያንንም ሰጠሁ ትላለህ። ራስህንስ ለማን ሰጠኸው?» አለችኝ። ስትቀልድ ነበር። እኔ ግን መልሼ መላልሼ አዳመጥኩት። እውነቷን ነው፤ በዳያችንን ሰጥተናል፣ ፋይላችንን ሰጥተናል። ራሱን የሰጠ ሰው ምን ይመስላል?

አንድ ሰው ልጥራላችሁ። ወይዘሮ አበበች ጎበናን። አብዛኞቻችሁ ስማቸውን ታውቃላችሁ፤ ወላጅ አልባ ልጆችን በማሳደግ የኖሩ፣ ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና ያረፉ እናት ናቸው። ሲሞቱ ቴሌቪዥኑ ስለ ሽልማታቸውና ስለ ድርጅታቸው ብዙ አወራ። እኔን የሚይዘኝ ግን መጀመሪያው ነው።

በ1980 እ.ኤ.አ. ወይዘሮ አበበች ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄዱ። ወሎ ተወልዶ ግሸንን የማያውቅ የለም፤ አምባሰል ውስጥ ያለች፣ በመስቀል ቅርጽ የተቀመጠች አምባ፣ ግማደ መስቀሉ ያረፈባት ብለን የምናምናት። አያቴ ለመስከረም 21 በእግሯ ሄዳ ስትመለስ ጸበሉን በጀሪካን ትይዝ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ይጠብቃታል። ለታመመው፣ ለወለደችው፣ ዓይኑን ላመመው በጠብታ ነው የሚከፋፈለው። ጠማኝ ብሎ ከዚያ ጀሪካን የሚቀዳ ልጅ ጆሮው ይቆነጠጥ ነበር! የግሸን ጸበል ቤት ካልደረሰ ጉዞው ጎደለ ማለት ነው።

ያን ጊዜ ወሎ ረሃብ ነበር። ወይዘሮ አበበች በጉዟቸው ላይ በረሃብ ከወደቁት ሰዎች መካከል ከሞተች እናቷ አጠገብ የተኛች ሕፃን አዩ። በእጃቸው የነበረው ዳቦና አምስት ሊትር ጸበል ብቻ ነበር። ዳቦውንም ጸበሉንም እዚያው አከፋፈሉት። ያችን ሕፃንና ሌላ ወላጅ አልባ ልጅ ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ዓመት ሳይሞላ ቤታቸው ያሉት ልጆች 21 ሆኑ።

እስቲ ይህን ጸበል አስቡት። ለበረከት የያዙት፣ ቤታቸው ሊያደርሱት የፈለጉት፣ የመንፈሳዊ ጉዟቸው ፍሬ ነው። ልጆቹ ጸበል አልጠየቁም፤ ውኃ ነው የጠማቸው። አንድ ጥሩ ክርስቲያን «ይህ እኮ ለቤቴ ነው፣ እግዚአብሔር ለእናንተም ይዘዝላችሁ» ብሎ ማለፍ ይችላል፤ ማንም አይወቅሰውም። እሳቸው ግን የራሳቸውን የጽድቅ ዕቅድ እንኳን ለቀቁት። ራስን መስጠት የሚባለው እዚህ ጋ የተጀመረ ይመስለኛል። ገንዘብን መተው ይከብዳል፤ «እኔ እግዚአብሔርን የማገለግለው እንዲህ ነው» ብሎ የወሰኑትን መተው ግን ከዚያ ይብሳል።

ዋጋው ደግሞ ቀላል አልነበረም። በዚያ ጊዜ አርባ አምስት ዓመት ገደማቸው ነበር፤ ትዳርም ሥራም ነበራቸው። ልጆቹ ሲበዙ ትዳራቸው አልቆመም፤ ከቤታቸው ወጡ። አብዳለች ያላቸው ዘመድ ነበር። ያላቸውን እየሸጡ፣ ምግብ እያዘጋጁ ለገበያ እያቀረቡ ልጆቹን አበሉ። ድርጅቱ ሕጋዊ እውቅና ያገኘው ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ሽልማቱና የክብር ዶክትሬቱማ ከዚያም በኋላ። በመሀል ያሉትን ዓመታት ማንም አላጨበጨበላቸውም፤ ልጆች ማጠብ፣ እህል ማስፈጨት፣ የታመመ ማስታመም ብቻ ነው።

እዚህ ሰፈር እንደዚህ ያለ ሰው የለም እንዳትሉኝ። ስሟን አልጽፍም፤ ትቆጣኛለች። እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ አንዲት እናት አለች። ምጣዷ የሚጣደው ሌሊት ነው፤ ቀን በዚህ ሙቀት በቆርቆሮ ቤት ውስጥ አይታሰብም። ከኦቦክ በኩል ተርፈው የሚመለሱ ልጆች እግራቸው ቆስሎ፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ይመጣሉ። በ2016ቱ ዐቢይ ጾም ጎዶሪያ አጠገብ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጀልባ ሰምጦ ከየመን ሲመለሱ የነበሩ ወገኖቻችን ያለቁ ጊዜ ሁላችንም ፕሮፋይላችንን በሻማ ፎቶ ቀየርን። እሷ ፕሮፋይል የላትም። በረንዳዋ ላይ ሁለት ፍራሽ ጨመረች። ስለ እግዚአብሔር ስትናገር ብዙ አልሰማኋትም፤ «ተመስገን» ትላለች፣ ከዚያ ሊጡን ታያለች። ልጆቹ ሙስሊም ይሁኑ ክርስቲያን ስትጠይቅም አላየሁ። (ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ የማይሆን እንዳይመስላችሁ። የእምነታችሁ ስም ራሱ ለፈጣሪ መገዛት ማለት አይደል?)

አሁን ወደሚያከራክረን ነገር ልምጣ። ትሕትና ስንል ስደተኛው ጆሮ ላይ ሌላ ነገር ይሰማል። ሰልፍ ላይ ይጮኹበታል፣ አፈሳ ሲመጣ ይደበቃል፣ ደመወዙን ሲጠይቅ ይሰደባል፤ ከዚያ እሑድ አንዱ ቆሞ «ዝቅ በል» ይለዋል። ከዚህ በታች የት ይውረድ? ይህ ውርደት ነው፤ ትሕትና አይደለም። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት አባቶች ጎንበስ ብለው በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናንን እግር ሲያጥቡ አይታችኋል። ጌታ ያን ያደረገው ማን እንደሆነ ጠፍቶት አይደለም፤ ጌታና መምህር መሆኑን እያወቀ ነው ማበሻውን የታጠቀው። ትሕትና የሚመረጥ ነገር ነው፣ ውርደት ግን ሌላው የሚጭንብህ ነው። ስለዚህ ያቺ ደመወዟን የተከለከለች እህት «ለእግዚአብሔር ስጪው» ስትባል እኔ አልተስማማሁም። ይህች አገር በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የስደተኞች ሕግ የመሥራት መብት አለን። ሕጉን ፈረንሳይኛ በሚያነብ ሰው አስነብበን፣ ሦስት ሆነን አብረናት ሄድን፤ የሁለት ወሩን አገኘች። መርዳት የምንችለው ሰዎች «ለእግዚአብሔር ስጪው» ስንል፣ ለእግዚአብሔር የሰጠነው የራሳችንን ሥራ ነው።

ደግሞ አንዳንዱ «በእግዚአብሔር ብትታመኑ ኖሮ አገራችሁን ጥላችሁ አትወጡም ነበር» ይለናል። አባቴም በስልክ አንድ ቀን ወደዚህ ጠጋ ያለ ነገር ብሎኝ ያውቃል። በእርግጥ ያልሸሹ አሉን። አቡነ ጴጥሮስ በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን ጥይት ፊት ቆመዋል። የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ጊዜ ከአገር እንዲወጡ መንገድ ሲመቻችላቸው እምቢ ብለው በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። እነዚህን ሳስብ ዝም እላለሁ። ነገር ግን የዚያች ቤተ ክርስቲያን ልጆች በየዓመቱ ከመስከረም 26 ጀምሮ ጽጌን የምንጾመው ለምንድን ነው? እናትና ልጅ በሌሊት ወደ ግብጽ ስለ ሸሹ ነው። ዮሴፍ «ተነሥና ሽሽ» ሲባል ተነሣ፤ መታዘዙ መሸሹ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ቀረህ ወይስ ወጣህ አይመስለኝም። በወጣህበት ምን ሆነህ ኖርክ የሚለው ነው የሚከብደኝ።

ይህን የምለው የራሴ ነገር ስላለ ነው። ከወራት በፊት አንድ ሰው በወዳጅ በኩል መጣ። ፋይሌ የቆየው ታሪኬ «ስለሳሳ» እንደሆነ ነገረኝ። ገንዘብ ከከፈልኩ የሚያስተካክልልኝ ሰው አለ፤ ያልታሰርኩበትን እስር፣ ያልተገረፍኩትን ግርፊያ ጨምሮ፣ ቀኑን አስጠንቶ፣ ጥያቄውን አለማምዶ። በሌላ አገር በር እንደሚከፈትም ማለልኝ። ገንዘቡን ዘመድ ሊያበድረኝ ተዘጋጅቶ ነበር። እናቴ ዓይኗ እየደከመ ነው፤ ሳላያት እንዳትቀድመኝ እፈራለሁ። አንድ ሳምንት አልተኛሁም።

እምቢ አልኩ። ጀግና ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ክፍል ውስጥ ቆሜ ለዘጠነኛና ለአሥረኛ ክፍል ልጆች ሒሳብ ሳስተምር፣ መልሱን ከጓደኛው ገልብጦ አሠራሩን ማሳየት ላልቻለ ልጅ ዜሮ እሰጥ ነበር። ደግሞም ያልደረሰብኝን ግርፊያ ስናገር፣ በእውነት የተገረፈው ጎረቤቴ በቀጣዩ ቀን ገብቶ ሲናገር ማን ያምነዋል? ራሴን ለእግዚአብሔር ሰጠሁ ካልኩ፣ የሰጠሁት ያው በእውነት የኖርኩትን፣ ታሪኩ የሳሳውን ሰውዬ ነው። ሌላ ሰው ፈጥሬ አልሰጠውም። አበዳሪው ዘመዴ እስካሁን አኩርፎኛል። ይህን ካነበብክ፣ ጋሼ፣ ፍቅርህን አልዘነጋሁም።

ፋይሌ ዛሬም እዚያው ነው። አንዳንድ ማታ «አይ አንተ ሞኝ» የሚል ድምፅ ይመጣብኛል፤ አልዋሻችሁም። ቀን መጋዘን ውስጥ ካርቶን እቆጥራለሁ፤ 7 ሰዓት ላይ ጫት ሲገባ ከተማው ሁሉ ይነቃና መልሶ ይተኛል፣ እኔ መቁጠሬን እቀጥላለሁ። አገር ቤት «መምህር» ሲሉኝ ዞር የምልበት ኩራት ነበረኝ። እዚህ «አንተ» ነው የምባለው። ማታ ግን ከሰፈሩ ልጆች አንዷ ክፍልፋይ ሲገባት «ቲቸር፣ ገባኝ!» ብላ ትጮኻለች። ለእኔ የተሰጠኝ ይህ ነው፤ ከመጋዘኑ ድካም በኋላ የማይነሣ ቀን ቢኖርም እነሣለሁ።

ትምህርቱን በተመለከተ፦ ከመጪው ሳምንት ጀምሮ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በዚያችው እንጀራ በምትጋግረው እናት በረንዳ ላይ ነው፤ ምጣድ እስክትጥድ ድረስ ቦታውን ፈቅዳልናለች። ከስድስተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ። ክፍያ የለውም። ልጆቹ ደብተርና የሚጠጡትን ውኃ ይዘው ይምጡ። የአገር ቤት የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ያላችሁ ብታውሱኝ፣ አንድ መጽሐፍ ለአሥራ አንድ ልጅ አልደርስ ብሎኛል። እንግሊዝኛ የምትችሉና አንድ ማታ የምትሰጡኝ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።