ከቆረቆረዎ ይናገሩ

ገበሬ አዲስ ቀንበር ሲጠርብ አስቀድሞ ይሞክረዋል። በበሬው ጫንቃ ላይ ይጭነዋል፤ ጥቂት ያስኬደዋል። ከዚያም አውርዶ ጫንቃውን ይዳብሳል። ፀጉሩ ከተላጠ ወይም ቆዳው ከቆሰለ ቀንበሩን እንደገና ይጠርበዋል እንጂ በሬውን አይቆጣም። ሰው ሠራሽ ክንድም እንዲሁ ይሞከራል። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ሙከራ ነው።

እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ክረምቱን በዓለም ከተማ ዙሪያ ፊደል አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ መካከል ቀኝ ክንዳቸውን ከክርን በላይ ያጡ አንድ ገበሬ ነበሩ። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ልጄ ይሉኛል። ከገደል አፋፍ ወድቀው ክንዳቸው ተሰበረ። ስብራቱ በቀርከሃ ተጠፍሮ ታሰረ። እስሩ ከመጠን በላይ ጠበቀ። ደም መዘዋወር አቃተው። ጣቶቹ ቀዘቀዙ፤ ከዚያም ጠቆሩ። ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ፣ ሕይወታቸውን ለማትረፍ ክንዱ መቆረጥ ነበረበት።

አንባቢ ሆይ! ስብራት ከታሰረ በኋላ ጣት ካበጠ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም መልኩ ከተለወጠ ማደር የለም። እስሩ ይላላ። በሽተኛው በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። በዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል አለ። ያሠራው በ1974 ዓ.ም. ካርል ሃይንዝ በም የመሠረቱት ሰዎች ለሰዎች ድርጅት ነው።

የጋሼ ቁስል ከዳነ በኋላ ሰው ሠራሽ ክንድ ለማሠራት ወደ አዲስ አበባ ተጓዝን። ጀማን ተሻግረን፣ በለሚና በሙከጡሪ በኩል አለፍን። "ወረቀት የሚያነብልኝ ሰው ይኑር" ብለው ነው እኔን ይዘውኝ የሄዱት።

ባለሙያው የተረፈውን ክንድ በራሰ የጀሶ ፋሻ ጠቀለለው። ጀሶው ሲደርቅ አወለቀው። ውስጡ ባዶ የሆነ ቅርጽ ወጣ። በዚያ ውስጥ ጀሶ በጥብጦ አፈሰሰና የክንዱን አምሳያ ሠራ። ከዚያም በምድጃ ግሎ የለሰለሰ ፕላስቲክ በአምሳያው ላይ አለበሰው። ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ የክንድ ማጥለቂያ ሆነ። ባለሙያዎች ሶኬት ይሉታል። ጎራዴ አፎት እንዳለው ሁሉ የተረፈው ክንድም የሚገባው በሶኬት ውስጥ ነው። ክርኑም መያዣውም የሚሰካው በሶኬቱ ላይ ነው። ሶኬቱ ልክ ካልሆነ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

የመጀመሪያው ሶኬት ለመሞከሪያ ብቻ ነው። የጋሼ መሞከሪያ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ነበር። ቆዳው በውስጡ ይታያል። ተጭኖ የነጣውን ቦታ ባለሙያው አይቶ ምልክት አደረገበት። ሕመም ግን በዓይን አይታይም።

"አባቴ፣ እንዴት ነው? ይመቻል?" አላቸው።

"እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደህና ነው" አሉ ጋሼ።

ክንዱን ወደ ፊት፣ ወደ ጎንና ወደ ላይ እንዲያነሡት ነገራቸው። ሲያነሡት ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው። "ጋሼ፣ ያምዎታል እንዴ?" አልኳቸው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ልጄ፣ ሰውየው ስንት ቀን ደክሞበታል። አሁን ቆረቆረኝ ብል ምን ይለኛል? ደግሞስ ወንድ ልጅ ይችላል እንጂ ይጮሃል?" አሉኝ።

ይህ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ሰውን ከሰው ጋር በክብር ያኖራል። በሶኬት ላይ ግን ይጎዳል። ዛሬ ብብት የሚቆረቁር ጠርዝ ነገ ያቆስላል። የቆሰለ ሰው ክንዱን አውልቆ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ያን ያህል መንገድ፣ ያን ያህል ድካም እዚያው ተሰቅሎ ይቀራል። አባቶች በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉት ለዚህ ነው።

ባለሙያው ነገሩ ገባውና ፈገግ አለ። "አባቴ፣ ይህ ሶኬት የተሠራው እንዲነቀፍ ነው። ዋናው የሚሠራው በዚህ ልክ ነው። አሁን ይንገሩኝ" አላቸው።

ያን ጊዜ ጋሼ ተናገሩ። ጠርዙ ብብታቸውን ይቆርጣል። የአጥንቱን ጫፍ ይጫነዋል። አፍረው የደበቁትንም አወጡት። "የሌለው እጄ ጣቶቹ ይታጠፋሉ፤ ያሳክኩኛልም" አሉ። ባለሙያው አልተገረመም። ክንዱ የተቆረጠበት ሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሰማዋል አለ። እብደት አይደለም፤ ቡዳም አይደለም። አንጎል የቀድሞውን እጅ ገና አልረሳውም ማለት ነው።

ጠርዙ በሙቀት ተለጠጠ፤ ተሞረደ። ሶኬቱ እንደገና ተጠለቀ። ቆይተው ሲያወልቁት ቆዳው ቀልቶ ነበር፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ ግን ቅላቱ ጠፋ። ቶሎ የሚጠፋ ቅላት አያሠጋም። የማይጠፋ ቅላት ሶኬቱ ይታረም ማለት ነው።

ቀጥሎ ማንገቻው መጣ። ማንገቻው በጀርባ ዞሮ በደህናው ብብት ሥር ያልፋል። ትከሻ ወደ ፊት ሲገፋ ሽቦ ይሳብና ክርኑ ይታጠፋል። ክርኑ ሲቆለፍ ደግሞ ያው ሽቦ መያዣውን ይከፍታል። ስለዚህ ብዙ ልምምድ ይጠይቃል። ይህ ክንድ እንደ ተፈጥሮው አይደለም። ትኩስና ቀዝቃዛ አይለይም። እሳት አጠገብ ዓይን ይጠብቀው።

ግን ይረዳል። ጋሼ በግራ እጃቸው መጻፍ ሲለማመዱ ደብተሩ እየሸሸ ያስቸግራቸው ነበር። ዋናው ክንድ ሲደርስላቸው ደብተሩን ተጭኖ ያዘላቸው። ስማቸውን ያለ ረዳት ጻፉ።

ወገኖቼ፣ ሰው ሠራሽ አካል የሚያሠራ ዘመድ ካላችሁ ይህን ንገሩት። በሙከራው ቀን የሚቆረቁረውን ቦታ በጣቱ ያሳይ። ማታ ማታ ያውልቀው። ገላውን በሳሙናና በውኃ ይጠብ፤ ያድርቅ። ሶኬቱንም ይወልውል። ቁስል ካየ አያጥልቅ፤ ወደ ባለሙያው ይመለስ። የተረፈ ክንድ በመጀመሪያዎቹ ወራት እየከሳ ይሄዳል። ሶኬቱ ከሰፋውም አሁንም ይመለስ፤ አይፈር።

ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ አንብቡለት።