ያለ ጭነት ከሶሎሎ እስከ አዲስ አበባ

ዘንድሮ ከሶሎሎ ተነስቼ አዲስ አበባ ድረስ ብቻዬን፣ በራሴ መኪና፣ ያለ አንዲት ካርቶን ጭነት ልሄድ እያሰናዳሁ ነው። በዚህ መስመር ሃያ ዓመት ተመላልሻለሁ፤ የሄድኩት ግን ሁልጊዜ እቃ ስላለ ነው። እናቴን የማያት በሥራ መሃል ነበር፦ ጠዋት መርካቶ፣ ማታ ጭነት ማስጫን፣ በመሃል አንድ ስኒ ቡና። አሁን ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ሰዓት ሳላይ አጠገቧ ልቀመጥ። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር በመኪናዬ ልወስዳትም ቃል ገብቼላታለሁ።

መኪናዬ አሮጌ ቶዮታ ሃይኤስ ናት፤ ድሮ ማታቱ ነበረች። የኋላ ወንበሮቿን አስነቅዬ አናጺ የጣውላ አልጋ ሠራልኝ፤ ከሥሩ የውሃ ጀሪካን፣ ቡታጋዝና የቡና ዕቃዬ ይገባል። መጋረጃውን እኔው ሰፋሁት። ልጄ ግን ደስ አላለውም። «እማዬ፣ ይሄ ገንዘብ እኮ ለሱቁ ስኳር ይገዛ ነበር» ይለኛል። ውሸቱን አይደለም። እሱ ያላየው የድሮውን መንገድ ነው። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ 500 ኪሎ ሜትር ያህሉ አስፋልት ሳይሆን በፊት፣ በሎሪ አናት ላይ ከብቶቹ ከሥራችን እየተንገጫገጩ፣ አቧራ እየቃምን ነበር የምንሄደው። ያኔ ለራሴ «አንድ ቀን መሪውን እኔ እይዛለሁ» እል ነበር።

ወሬው እንደተሰማ የመጀመሪያው ፈተና ከጎረቤት መጣ። «እትዬ፣ ባዶሽን ከምትሄጂ ትንሽ ሽርጥና ሁለት ካርቶን ሳሙና አድርሺልኝ።» በእኛ ዘንድ እምቢ ማለት ከባድ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ግን አልጋ ባላት መኪና ውስጥ ሦስት ካርቶን ሲገኝ፣ በፈታሹ ዓይን አልጋው መደበቂያ፣ እኔም ኮንትሮባንዲስት ነኝ። ከዚያ በየኬላው ፍራሽ ሲገለበጥ መዋል ነው። ስለዚህ ለሁሉም አንድ መልስ ሰጠሁ፦ ሰላምታና ደብዳቤ አደርሳለሁ፤ እቃ ግን የእህቴም ቢሆን አልይዝም። ለአንዱ እሺ ብዬ ሌላውን እምቢ ብል ቂም ይሆናል፤ ለሁሉም እምቢ ካልኩ ግን ሕግ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የመሪው ነው። ኬንያ በግራ፣ ኢትዮጵያ በቀኝ ነው የሚነዳው። የእኔ መሪ በቀኝ በኩል ስለሆነ፣ ሞያሌን ስሻገር የምቀመጠው በመንገዱ ጠርዝ በኩል ይሆናል። ከፊቴ ተሳቢ ካለ፣ ከወዲያ የሚመጣውን መኪና የማየው ግማሽ አካሌ በተቃራኒው መስመር ከገባ በኋላ ነው። ሹፌሮቻችን እንዲህ ሲገጥማቸው በግራ የተቀመጠው ረዳት «ነጻ ነው፣ ሂድ» ይላቸዋል። እኔ ረዳት የለኝም። ስለዚህ ሜዳውና መንገዱ ወለል ብሎ ካልታየኝ አልቀድምም፤ ተሳቢው በሰዓት 30 ከሄደ እኔም 30። የመብራቱም ነገር አለ፦ የኬንያ መኪና ዝቅተኛ መብራት ወደ ግራ ስለሚያዘነብል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይወጋል። ስለዚህ በጨለማ አልነዳም። ጠዋት እንቅልፍ ሳይለቀኝ በልማድ ወደ ግራ እንዳልገባ ደግሞ ከመሪው ፊት በቀይ «ቀኝ!» ብዬ ጽፌ እለጥፋለሁ።

ከዚህ የተነሳ ሌሎች በሁለት ቀን የሚጨርሱትን እኔ በአምስት ቀን አደረግሁት። በመጀመሪያው ቀን ከሶሎሎ ሞያሌ፤ ወረቀት እዚያ ይውላል። በሁለተኛው ያቤሎ፣ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው። በሦስተኛው በሀገረ ማርያም አድርጌ ዲላ። በአራተኛው ሐዋሳ፤ አጭር ቀን ነው፣ መኪናዋም እኔም እናርፍበታለን። በአምስተኛው በዝዋይና በሞጆ አድርጌ አዲስ አበባ። ሞያሌ ከባሕር ጠለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። አሮጌ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አስረኛ ያህል ያጣል፤ ዳገት ላይ ባታገለው ይሻላል። መካኒኬም የሚለው ይህንኑ ነው፦ ፍሬንና ራዲያተር አሳይ፣ ትርፍ ቺንጊያ፣ ስኮርታ ጎማና ክሪክ ያዥ፣ ሙቀቱ ሲወጣ ቁሚና ቡና አፍዪ።

መንገድ ዳር አልተኛም። ማታ ማታ ግቢና ዘበኛ ያለው ሆቴል ገብቼ፣ የማቆሚያውን ከፍዬ በመኪናዬ ውስጥ እተኛለሁ። ጠዋት ከመነሳቴ በፊት ደግሞ ከወዲያ የመጡ ሹፌሮችን ስለ መንገዱ እጠይቃለሁ። አትሂጂ ካሉኝ እዚያው እውላለሁ፤ ወረቀት ላይ ያለው አምስት ቀን ሰባት ቢሆን የሚቆጣኝ ደንበኛ የለም።

ስለ ወረቀት ብዙዎቻችሁ ስለምትጠይቁ ልዘርዝር። ለመኪናዋ ካርኔ ያስፈልገኛል፤ ኬንያ ውስጥ የሚሰጠው የአውቶሞቢል ማኅበሩ ነው። መኪናዋ ኢትዮጵያ ገብታ እንዳትቀር ዋስትና ስለሚጠየቅ፣ ለጊዜው የሚታሰር ገንዘብ አለ። ስገባም ስወጣም ማኅተሙ መመታቱን ሳላይ ከመስኮቱ አልነሳም፤ ገንዘቤ የሚፈታው በዚያ ማኅተም ነው። ቢጫ ካርድ ደግሞ ሁለት ነው፣ አታምታቱት፦ አንዱ የኮሜሳ የሦስተኛ ወገን መድን፣ ሌላው የቢጫ ወባ ክትባት። በታኅሣሥ 2020 እንደ ፈረንጆቹ የተመረቀው የሞያሌው የጋራ ኬላ የሁለቱን አገር ኢሚግሬሽንና ጉምሩክ በአንድ ጣሪያ ሥር ስላደረገ፣ የድሮው መንከራተት ቀርቷል። ነዳጅ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚከፈለው በስልክ ነው፤ የኬንያው ኤምፔሳዬ እዚያ ስለማይሠራ የኢትዮጵያ መስመርና ቴሌብር አስቀድሜ አዘጋጃለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን መቼ ልሂድ የሚለው ነው። የሱቄን ዱቤ የሚያዘው ዝናብ ነው። ጋና ወይም ሀጋያ በደንብ ሲዘንብ ከብት ይወፍራል፣ ይሸጣል፣ ዱቤ ይከፈላል። ቦና ሲከር ግን ሰው ዱቄትና ዘይት በዱቤ ነው የሚወስደው። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ እንደ ፈረንጆቹ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ሲከሽፍ፣ ከብቱ አልቆ የዱቤ ደብተሬ ሞልቶ ነበር። ያን ጊዜ የበደሩኝ ሰዎች ከጥቂቶቹ በቀር ቀስ በቀስ ከፍለውኛል። እነሱን ባዶ እጃቸውን የሚመልስ ጉዞ እኔንም መንገድ ላይ አያስተኛኝም።

ስለዚህ እንዲህ ቆረጥኩ። ሀጋያ ጥቅምትና ኅዳርን በደንብ ከዘነበ፣ በኅዳር መጨረሻ ዱቤው ሲገባ እነሳለሁ። ያኔ ደጋውም ደርቋል፤ የክረምቱ ጭቃና ጉም የለም። ከእናቴ ጋር ሁለት ሳምንት ተቀምጬ፣ ቦናው ሳይጠና ገና ሳይደርስ ሱቄ እገባለሁ። ልጄ ሱቁን ይይዛል፤ በየምሽቱ 12 ሰዓት እደውልለታለሁ። እስከ 2 ሰዓት ካልደወልኩ እሱ ወዳደርኩበት ሆቴል ይደውላል፤ የአምስቱንም ከተማ ስልክ በደብተሩ ጽፌለታለሁ። ይህን ከተስማማን ወዲህ ስለ ስኳሩ ማንሳት ትቷል።

ሀጋያ ከቀረ ደግሞ የካርኔው ገንዘብ ወደ ዱቤው ይሄዳል፣ ቫኗም እስከ ጋና ማግስት ሸራ ለብሳ ትቆማለች። ይህን ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። «ዝናቡ ይምጣላቸው እንጂ እኔ የት እሄዳለሁ» አለችኝ። ብላም ዝም አላለችም፤ ቢሾፍቱ ስንሄድ የምንበላውን ቆሎ ማን እንደሚቆላ ጠየቀችኝ። እኔ ነኝ አልኳት።