ዋሽንት መስሎኝ

«ዋሽንት ነው!» ብዬ ጮኽሁ።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1998 ነው፤ ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት አልፏል። ፓሪስ ውስጥ በምሠራበት ሆቴል ምድር ቤት አንሶላ የምናጣጥፈው ሁለት ነን፤ እኔና አንድ የማዳጋስካር ሰው። ቴፑ የእሱ ነው። ሰውዬው ሳቀብኝ። «ዋሽንት ያልከው ሶዲና ነው። የሚነፋውም ራኮቶ ፍራ ነው» አለኝ። ራኮቶ ፍራ ያኔ በሕይወት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ዐረፈ። በአገሩ በሶዲና ወደር ያልነበረው ሰው ነው።

እውነቱን ለመናገር ስለ ማዳጋስካር የማውቀው ደሴት መሆኗን ብቻ ነበር። ዘፈን ከሰማሁም ስምንት ወር ሆኖኛል። የአባቴ መርዶ የደረሰኝ በስልክ ነው። ወረቀቴ ስላላለቀ ሄጄ ልቀብረው አልቻልሁም። ካሴቶቼን ካርቶን ውስጥ አሽጌ ከአልጋዬ ሥር ከተትኋቸው። ሐዘኔ ይኸው ነበር።

ሰውዬው ግን በየሌሊቱ አዲስ ካሴት ይዞ ከች ይላል። አንድ ቀን ቫሊሃ አሰማኝ። ቫሊሃ ማለት በወፍራም ቀርከሃ ዙሪያ ክሮች የተወጠሩበት መሣሪያ ነው። ጥንት ክሮቹ ከራሱ ከቀርከሃው ቅርፊት ተልጠው ይነሡ ነበር፤ በኋላ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ እየተፈታ ይወጠርበት ጀመር። ድምፁ ክራርም አይደለም፣ በገናም አይደለም፤ ዝናብ በቆርቆሮ ክዳን ላይ ማንጠባጠብ ሲጀምር ይመስላል። የቫሊሃ ዘመዶች የሚገኙት በደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። ቋንቋቸውም የቦርኒዮ ደሴት ቋንቋዎች ዘመድ ነው። ቅድመ አያቶቻቸው በታንኳ ሕንድ ውቅያኖስን ተሻግረው ቋንቋቸውን ለልጅ ልጅ አወረሱ። እኛ በአውሮፕላን መጥተን አማርኛን ለልጆቻችን ማውረስ አቅቶናል!

ሌላ ሌሊት ደግሞ ሳለጊ መጣ። ሳለጊ የሰሜኑ ጠረፍ ጭፈራ ነው፤ ንጉሡም ጃኦጆቢ ይባላል። ምቱ ስድስት ስምንተኛ ነው፤ የኛም ችክችካ እንዲሁ። ሐዘንተኛ ነኝ ብዬ ብኮሳተርም ትከሻዬ ሳላዘው ተነቃነቀ። ከደቡብ ምዕራብ፣ ከቱሌያር በኩል ደግሞ ጊታሩ እንደ መትረየስ የሚንጣጣ ጻፒኪ አለ። በመካከለኛው ደጋ ሁለት ቡድኖች ሜዳ ላይ የሚወዳደሩበት ሂራጋሲ አለ። መጀመሪያ ሽማግሌው በምሳሌ የተሞላ ንግግር ያደርጋል፤ ከዚያ ዘፈንና ጭፈራ ይከተላል፤ ፈራጁ ሕዝቡ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 ሂራጋሲን በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል።

በሐምሌ ሰውዬው ፈቃድ ወሰደ። «ምን ልትሠራ ነው?» ብለው፣ «የአባቴን ፋማዲሃና» አለኝ። በደጋው አገር ቤተ ዘመድ ከዓመታት በኋላ መቃብሩን ከፍቶ፣ አፅሙን በአዲስ የሐር መግነዝ ጠቅልሎ፣ በሶዲናና በከበሮ ተሸክሞት ይጨፍራል። አማተብሁ። ሙት አውጥቶ መጨፈር? ሰውዬው አልተቆጣም። «ሲሞት አልነበርሁም። አሁን ግን እደርስለታለሁ» አለኝ።

ይህች ቃል አንጀቴን በላችው። የኛ ሃይማኖት አፅም አውጥቶ መጨፈርን አይፈቅድም፤ እኔም አልመኘውም። ነገር ግን እሱ ሙዚቃን ወደ አባቱ መሄጃ አድርጎታል፤ እኔ ደግሞ ከአባቴ መሸሺያ በሩን ዘግቼበት ኖሯል። በዚያች ሌሊት ቤቴ ገብቼ ካርቶኑን ከፈትሁ። አባቴ በጾም ወራት የሚሰማውን የበገና ካሴት አወጣሁ። አንዱ ገጽ ሳያልቅ፣ በመርዶው ቀን እንቢ ያለኝ ዕንባ ወረደ። በሙት ዓመቱም ወዳጆቼን ጠርቼ ጠበልና ዳቦ አቀረብሁ፤ የበገናውን ካሴትም አብረን ሰማን።

ሰውዬው ሲመለስ እዚያው የቀዳውን ካሴት አመጣልኝ። የሰው ሳቅ፣ የሕፃን ልቅሶ፣ የከበሮ ድምፅ ይሰማል፤ ከሁሉ በላይ ሶዲናው ይንቆረቆራል።

«ዋሽንት ነው» አልሁት።

በዚህኛው ጊዜ አልተከራከረኝም።