አልበቃሁም ስለ ማለት

በመንዝ ደጋ፥ ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ አጥቢያ፥ አንድ ሽማግሌ ይኖራሉ። ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም። እኒህ ሰው ከልጅነታቸው ጀምሮ ረቡዕንና ዓርብን ሽረው አያውቁም፤ ሁዳዴን 55ቱን ቀን በሙሉ፥ ነነዌንና ገሃድን፥ የነቢያትንና የሐዋርያትን ጾም፥ ፍልሰታንም ሳያጓድሉ ጾመዋል። ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት በዚያ ከፍታ ላይ ገብስ ሲያጭዱ በዋሉበት የጾም ቀን እንኳ፥ ሰዓቱ ሳይደርስ ውሃ በአፋቸው አልዞረም። በሰንበቴው ተራቸው በደረሰ ጊዜ ዳቦውና ጠላው ጎድሎባቸው አያውቅም፤ የታመመ ጠይቀዋል፥ የሞተ ቀብረዋል። ነገር ግን በሕፃንነታቸው ከቆረቡ ወዲህ 70 ዓመት እስኪያልፋቸው ድረስ፥ ወደ ቅዱስ ቁርባን አንድ ቀን ስንኳ አልቀረቡም። የንስሐ አባታቸው በጠየቋቸው ጊዜ ሁሉ መልሳቸው አንዲት ቃል ነበረች፤ «አልበቃሁም»።

ይህ የአንድ ሰው ነገር ቢሆን ኖሮ መጻፍ ባላስፈለገም። ነገር ግን በመንዝና በግሼ፥ ቈላ ወርዶም በመርሐ ቤቴ፥ ከዚያም አልፎ በአገሪቱ በብዙ ሥፍራ፥ በፍልሰታ ጧት በቤተ ክርስቲያን ደጅ የቆመ ሰው የሚያየው ይህንኑ ነው። ሕፃናቱ በእናቶቻቸው ጀርባ፥ ልጆቹ በእግራቸው እየተጋፉ ይመጣሉ፤ ከእነርሱም በኋላ ወገባቸው የጎበጠ አረጋውያን በምርኩዝ ይከተላሉ። በመካከል ያለው፥ የሚያርሰውና የሚነግደው፥ የሚያገባውና የሚወልደው ሕዝብ ግን ነጠላውን አጣፍቶ ከዳር ቆሞ ይመለከታል። ትዳሩን በሰማንያ ያሠራል፤ ቁርባኑን ለሽምግልና ያቆያል። ልጅ ሳለ ያለ ፍርሃት የበላውን፥ አዋቂ በሆነ ጊዜ ይሸሸዋል።

ይህን ያደረገው ንቀት አይደለም። የሚንቅ ሰው 18 ሰዓት ጾሞ የሚቀበሉትን ምሥጢር ከሩቅ እያየ አይሰግድም። ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም ከመጽሐፍ የመጣ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ ሳይገባው የሚበላና የሚጠጣ ፍርድን በራሱ ላይ እንደሚያመጣ አስጠንቅቋል። የአገራችን ሰው ይህን ከአባቶቹ ሰምቶ በልቡ አኑሮታል። ነገር ግን ሐዋርያው የተቈጣው በማን ላይ እንደ ነበረ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የተቈጣው በኃጢአቱ አዝኖ በሚመጣው ላይ አልነበረም፤ በጌታ ማዕድ ተሰብስበው ባለጠጋው ሲሰክር ድኻው እየተራበ እንዲያይ በሚያደርጉት ላይ ነበረ እንጂ። ደግሞም ራሳችሁን መርምራችሁ ራቁ አላለም፤ ራሳችሁን መርምራችሁ ቅረቡ አለ።

«አልበቃሁም» የምትለዋን ቃል ቆም ብሎ ላስተዋላት ሰው ነገሩ ይገለጥለታል። «በቃሁ» ወይም «አልበቃሁም» ሲባል መብቃት የሰውየው የገዛ ሥራ ይመስላል። ያው የመንዝ ሰው ግን ከጽኑ ሕመም በተነሣ ጊዜ፥ ልጁን በዳረ ጊዜ፥ ከዓመት ዓመት ለፋሲካ በደረሰ ጊዜ «ለዚህ ያበቃኝ አምላክ ይመስገን» ይላል እንጂ «በቃሁ» አይልም። አንደበቱ ትምህርቱን ቀድሞ አውቆታል ማለት ነው፤ የሚያበቃው ሌላ ነው፥ እርሱ የሚበቃው በተሰጠው ነው። ለአዝመራ፥ ለሠርግና ለበዓል ያበቃውን አምላክ ያውቃል፤ ለሥጋውና ለደሙ ብቻ በገዛ ጉልበቱ ሊበቃ ይፈልጋል። ይህም ሲታይ ትሕትና ይመስላል፤ ውስጡ ግን ትሕትና ብቻ መሆኑ ያጠራጥራል። ቅዳሴ ማለት መቀደስ ነው፤ ቅድስናም የሚወጣው ከዚያው ከአንዱ የግእዝ ሥር ነው። እንግዲህ አስቀድሜ ልቀደስና በኋላ ወደ ቅዳሴው ፍጻሜ ልቅረብ የሚል ሰው፥ ልብሴ ሳይነጣ ወደ ወንዝ አልወርድም እንዳለው ነው።

ጸጋ የሚለው ቃል በእነዚህ ደጎች ብዙ ያነጋገረ፥ ብዙም ያጣላ ቃል ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በሸዋ ተስፋፍቶ የነበረው፥ የሸዋ ነገሥታትም የደገፉት ሦስት ልደት የተባለው ትምህርት፥ «የጸጋ ልጅ» በሚል ስምም ይጠራ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በወሎ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው፥ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ባሉበት ሊቃውንቱ ተከራክረው፥ ይህ ትምህርት ተወገዘ፤ እንቢ ያሉትም ተቀጡ። ክርክሩ የሊቃውንት ነበርና ገበሬው ጥቂቱን እንጂ ሁሉን አልሰማም። ከፍርዱ የሚከተለው ነገር ግን ለገበሬው የቀረበ ነው። ክርስቶስ የባሕርይ ልጅ እንጂ የጸጋ ልጅ ካልሆነ፥ የጸጋ ልጅ የተባለው ማን ነው? በ40 ቀኑ ወይም በ80 ቀኗ በውሃና በመንፈስ የሚወለደው ሰው ነው። ስሙ ለእኛ ተረፈ ማለት ነው። (በዚያው ጊዜ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ መታዘዛቸው፥ ጸጋ የተባለውን ነገር በአዋጅ ማደል የሚቻል የመሰላቸው እንደ ነበሩ ያሳያል። በዱላ የተሰጠ ነገር ግን በምን መንገድ ጸጋ እንደሚባል ለማስረዳት አይቻልም።)

አርባ ቀን የሞላውን ሕፃን ደግሞ ተመልከቱ። ይጠመቃል፥ በቅብዐ ሜሮን ይታተማል፥ በዚያው ዕለትም ሥጋውንና ደሙን ይቀበላል። ይህ ሕፃን ምን ጾሟል? ስንት ሰግዷል? ለየትኛው ድኻ መጽውቷል? ቤተ ክርስቲያን ከሁሉ የሚበልጠውን ምንም ላላደረገው መስጠቷ፥ ስጦታው ደመወዝ አለመሆኑን ያለ ስብከት ትሰብክ ዘንድ ነው። የሚያሳዝነው፥ ይህን ዘወትር የሚያይ ሕዝብ፥ ሕፃኑ ጢም ባበቀለ ጊዜ ያንኑ ስጦታ ደመወዝ አድርጎ መቍጠሩ ነው።

የኒያ ሽማግሌ የንስሐ አባት በዕድሜ ልጃቸው የሚሆኑ ቄስ ናቸው። በአንድ የሁዳዴ ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌው መስቀል ሊሳለሙ ቀርበው «ይፍቱኝ አባቴ» ባሏቸው ጊዜ፥ «እግዚአብሔር ይፍታዎ» ካሉ በኋላ እንዲህ ሲሉ ጠየቋቸው።

«ለመሆኑ በዱሮው ዘመን ርስትዎን ከአባትዎ በስንት ብር ገዙት?»

ሽማግሌው ሣቁ። «ርስት ደግሞ ይገዛል እንዴ? ተወልጄበት ነው እንጂ።»

«ያለ ዋጋ ካገኙትማ እንዲያው ተዉት?»

«ስለ ምን እተወዋለሁ? አረስኩት፥ ድንጋዩን ለቅሜ ካብ ካብኩበት፥ ከከብት ጠበቅሁት።»

«ባያርሱትስ ኖሮ?»

«ዳዋ ይለብሰዋላ። ርስትነቱ ግን አይቀርም።»

የመንዝ ሰው ይህን ለመረዳት ሌላ መምህር አያሻውም። አገሩ ማማ ምድር፥ ላሎ ምድር፥ ጌራ ምድር ተብሎ መጠራቱ፥ በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፥ በአቅኚዎቹ አባቶች ስም ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት እስካደረገው ድረስ፥ አንድ ሰው በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ትውልዱን ቈጥሮ ከአቅኚው አባት ከደረሰ መሬት ይገባዋል ይባል ነበር። ለአቅኚው ምንም አላደረገለትም፤ አላየውምም። የተወለደ በመሆኑ ብቻ ይገባው ነበር። መጻሕፍት መንግሥተ ሰማያትን ርስት ብለው በጠሩባት አገር፥ ቃሉን እንደ መንዝ ሰው በእጁና በእግሩ የሚያውቀው ብዙ አይደለም። ይሁን እንጂ ባለ ርስት ነኝ ብሎ ጥላ ሥር ተኝቶ የዋለን ሰው ጎረቤቱ ይስቅበት ነበር። ልጅነቱን ማንም አይወስድበትም፤ ገብሱ ግን አይበቅልም።

ስለዚህ «ሁሉ በጸጋ ነው» እያለ ከጾምና ከሥራ የሚሸሽ ሰው ቢኖር፥ ለእርሱም የመንዝ ምድር መልስ አላት። የጓሳን ሣር የዘራው ሰው የለም። ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው በዚያ ብርዳም ሜዳ ሣሩ በዝናቡና በጉሙ ይበቅላል፤ ቤት ይከደንበታል፥ ገመድ ይገመድበታል፥ ለዝናብ ገሳ ይሠራበታል። ሰው ያልዘራው ሣር በመሆኑ ግን አባቶች እንደ ወደደው ይታጨድ አላሉም። ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ይነገራል በሚባለው ሥርዓት፥ ሹም መርጠው፥ ሜዳውን ለዓመታት ዘግተው፥ ሣሩ በደረሰ ጊዜ ቀን ቈርጠው ይከፍቱት ነበር፤ ሳይከፈት የገባ ይቀጣ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ሥርዓቱ በላላ ጊዜ ሣሩ ተጎዳ፤ ኋላ ሕዝቡ ራሱ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን መለሰው። ዘበኛው ሣሩን አያበቅልም፤ ቢተወው ግን ለልጆቹ የሚተርፍ አይኖርም። ጾምም፥ ስግደትም፥ ምጽዋትም የዚህ ዓይነት ጥበቃ ናቸው። ስሕተቱ መጠበቁ ላይ አይደለም፤ ዘበኛው ሣሩን እኔ አበቀልሁት ሲል ነው።

ቄሱ ያን ቀን ነገራቸውን በርስቱ አልጨረሱም። «በ40 ቀንዎ የተሰጠዎ ልጅነትም እንዲሁ ነው። አልተቀማም፤ ዳዋ ለብሷል» አሉና፥ ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ «ዳዋው ያለው ደግሞ በወንድምዎ ድንበር ላይ ነው» አሏቸው።

ሽማግሌው መልስ አልሰጡም። ነገሩ እውነት ነበርና። ከታናሽ ወንድማቸው ጋራ በአባታቸው ማሳ ድንበር ከተጣሉ 20 ዓመት አልፏል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አንድም ዓርብ አልሻሩም፤ ከወንድማቸው ጋራ ግን አንድም ቀን እግዜር ይስጥልኝ አልተባባሉም። በመንገድ ሲገናኙ አንዱ ወደ ካቡ ጥግ ይወጣል። ሽማግሌው በኑዛዜ ሲቀርቡ የጾማቸውን ነገር በዝርዝር ይናገሩ ነበር፤ የወንድማቸውን ነገር ግን «እርሱ በድሎኝ ነው» ብለው ያልፉት ነበር። ያልበቁት ለምን እንደ ሆነ ያውቁት ኖሯል። ከወንድም መታረቅ ከጾም ይልቅ ይከብዳልና፥ በቀላሉ ብዛት ከባዱን ሊሸፍኑት ፈለጉ። ይህም የእርሳቸው ብቻ አይደለም።

ባለቤታቸው ከብዙ ዓመት ጀምሮ እንቍረብ እያሉ ይለምኗቸው ነበር። ባለ ትዳር ከባለቤቱ ጋራ እንጂ ብቻውን አይቆርብምና፥ የእርሳቸው አለመብቃት ሚስታቸውንም ከደጅ አስቀርቷል። አንድ ጊዜ «እርስዎ እስኪበቁ እኔ ባልደርስስ?» ብለዋቸው ነበር። ከፋሲካ በኋላ ሴትዮዋ ታመሙ፤ ሰኔ ሲጋመስ ዐረፉ።

በቀብሩ ዕለት ዝናብ ነበረ። መቃብሩን ከቆፈሩት ሰዎች መካከል፥ ማንም ሳይጠራቸው መጥተው አካፋ የያዙት ታናሽ ወንድማቸው ነበሩ። ሽማግሌው ይህን ያዩት ቀና ባሉ ጊዜ ነው። ከቀብር ተመልሰው ሰው ሁሉ ለእዝኑ በተቀመጠ ጊዜ፥ ውሃ የሚያስታጥበው ልጅ ማሰሮውን ይዞ ወደ ወንድምየው ቀረበ። ሽማግሌው ተነሡ፥ ማሰሮውን ከልጁ እጅ ተቀበሉና በታናሻቸው እጅ ላይ ውሃ አፈሰሱ። ጭቃው እስኪለቅ ብዙ ውሃ ፈጀ። ሁለቱም ምንም አልተናገሩም። ስለ ድንበሩም እስከ ዛሬ አልተናገሩም፤ ድንጋዩ የት ይተከል የሚለው አልተቈረጠም።

የሟችዋ አርባ በሐምሌ ማለቂያ ተደረገ፤ በማግሥቱም ፍልሰታ ገባ። ሽማግሌው ወደ ንስሐ አባታቸው ሄደው ያልተናገሩትን ተናገሩ፤ ቀኖናቸውንም ተቀበሉ። በዚህ ጊዜ «በቅቻለሁ» አላሉም፤ «አልበቃሁም» ማለትንም ተዉ። «ይፍቱኝ» ብቻ አሉ።

ከጾሙ ቀኖች በአንዱ፥ ጉም ከጓሳ በኩል ወርዶ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር በሸፈነበት ጧት፥ ሽማግሌው ነጭ ለብሰው ከተጋፉት ልጆች ኋላ ቆሙ። አንድ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ ወደ ኋላው ዞሮ አያቸውና ቦታውን ሊለቅላቸው ፈለገ፤ እርሳቸው ግን ትከሻውን ይዘው በፊታቸው አቆሙት። ተራው ደረሰ፤ ልጁ ተቀበለ፥ እርሳቸውም ተቀበሉ። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው በባለቤታቸው መቃብር አጠገብ አልፈው ወጡ። ወንድማቸው ገና አልቆረቡምና በቅጥሩ በር ቆመው ይጠብቋቸው ነበር።